ሥር የሌለው ሙሽራ

ወላጆቿ ያወጡላት ስም ነበራት፤ በእሱ የሚጠራት ግን አልነበረም። ዘመድ አዝማዱም፣ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረቦቿም «ለምኔ» ነበር የሚሏት።

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ክብ ሠርቶ «ይህ ፀሐይ ነው» ሲል እጇን ታወጣና «ለምን?» ትላለች። «ለምን ማለት ምን ማለት ነው?» ሲላት «ለምን ክብ ሆነ?» ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሷ ግን የምሯን ነው። አንድ ቀን አስተማሪው ትዕግሥቱ አልቆ «ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ለምኔ ነው፤ ቁጭ በይ!» አላት። እሷም እየተቀመጠች «ለምን?» አለች ይባላል። ይህችን የመጨረሻዋን እንኳ ታላቅ ወንድሟ ከራሱ ሳይጨምርባት አልቀረም።

አድጋ መነጽር ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ ከሱቁ በስተጀርባ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ መሞረጃ ድንጋይ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የደንበኛው ዓይን ተለክቶ ሲመጣላት ብርጭቆውን ትሞርዳለች፣ ታለሰልሳለች፣ ከፍሬሙ ጋር ታገጣጥማለች። ማታ ሽርጧ በድንጋይ ዱቄት እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነጥቶ ይወጣል። አንገቷ ላይ በገመድ የተንጠለጠለች ትንሽ ማጉያ አለቻት። ማጉያዋ የተሰጠቻት የመነጽሩ ብርጭቆ ላይ ጭረት እንድትፈልግባት ነው፤ እሷ ግን በምሳ ሰዓት የዝንብ ክንፍ፣ የስኳር ቅንጣት፣ የገዛ ጣቷን አሻራ ታይባታለች። የሱቁ ባለቤት መጀመሪያ መጀመሪያ ይቆጣት ነበር፤ በኋላ ግን እሱም ለምዶ «ዛሬስ ምን አገኘሽ?» ይላት ጀመር።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጫጫታ ስለሚሰማ ቤት ሲገባ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው። «የትራፊክ መብራቱ ቀይ ለምን ከላይ ሆነ?» ስትለው «ታች ስላልሆነ» ይላታል። በዚሁ ተስማምተው ኖሩ።

ያልተስማማችው ከአማቷ ጋር ነው።

አማቷ የባቡር ሐዲድ መሻገሪያ ጠባቂ ነበሩ። ባቡር ሲመጣ መንገዱን በረጅም እንጨት ይዘጋሉ፣ ሲያልፍ ያነሳሉ። ባላቸው በወጣትነታቸው ሞቶባቸው አንድ ልጃቸውን እዚያው ሐዲዱ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን አሳደጉ። ለምኔ ገና እጮኛ ሳለች፣ ልትተዋወቃቸው በሄደች ቀን፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ሁሉም የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጨዋታው ሞቅ ባለበት ሰዓት ሳታስበው አፏ አመለጣት።

«እማማ፣ ለምን ሌላ ባል አላገቡም?»

አንዱ እንግዳ ብቻ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ኳ ብሎ ተሰማ። አሮጊቷ ምንም አልመለሱም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቀጥታ አነጋግረዋት አያውቁም። ሠርጉ ሆነ፣ ዓመታት አለፉ፤ ያው ናቸው። የሚሏት ነገር ካለ በልጃቸው በኩል ነው። እሷ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ «ለሚስትህ ንገራት፤ ሻዩ በርዷል» ይላሉ። ባልየውም አቀርቅሮ «ሻዩ በርዷል» ይላታል። እሷም ትሰማለች፣ ታሞቃለች። ይሁን እያለች ስትታገስ አሮጊቷ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና መራመድ አቃታቸው። ልጃቸው ዘንድ መጡ። አልጋቸው በረንዳው አጠገብ ባለው ሰፊ መስኮት ሥር ተዘረጋ፤ ሆድና ጀርባ የሆኑ ሁለት ሴቶች በአንድ ጣራ ሥር ሆኑ።

ለምኔ በረንዳው ላይ በአሮጌ ጣሳዎች ናናና ቃሪያ ትተክል ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ልታጠጣ ስትወጣ ናናው ላይ ቢጫ ክር ተጠምጥሞ አየች። አሮጊቷ ኪሮሽ ይሠራሉ፤ የእሳቸው ክር ነፋስ ወስዶት ይሆናል ብላ ዝም አለች። አሮጊቷም በመስኮት አይተውት ኖሯል። ማታ ልጃቸው ሲገባ «ለሚስትህ ንገራት፤ የልብስ ክሯን ተክል ላይ አትጣል፤ ያምራል መስሏት ነው?» አሉ።

«እኔ መች ጣልኩ! የእርሳቸው ኪሮሽ ነው» አለች ለምኔ ለባሏ።

«የኔ ክር ነጭ ነው በላት!»

ባልየው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አየና «እራቴን ልብላ?» አለ።

በማግስቱ ክሩ ረዝሞ ቃሪያው ላይ ደርሷል። ያኔ ለምኔ ነቃች፤ ክር አያድግማ! ጫፉን ይዛ ብትስበው ከናናው ግንድ አልላቀቅም አለ። ማጉያዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ተንበረከከች። ክሩ ውስጡ ውሃ ያዘለ፣ ለስላሳ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ቅጠል የለውም። በተጠመጠመበት በኩል ትንንሽ ጉብታዎች ተደርድረው ልክ እንደ ጥርስ የናናውን ግንድ ነክሰውታል። እዚህም እዚያም ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ነጫጭ አበቦች እንደ ዶቃ ተጠጋግተው ፈክተዋል፤ ጥቂቶቹም ደርቀው ዘር ይዘዋል። ሥሩን ልታገኝ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው፤ ጣሳው ውስጥ አፈሩን ጫረች። ሥር የለውም! ከምድር ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ አየር ላይ ነው የሚኖረው።

«አንተ ና እስቲ! ሥር የሌለው ተክል አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ባሏ ከውስጥ። «ጣይው።»

አልጣለችውም። ቁራጭ ወስዳ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላ ሰኞ ሥራ ቦታ ይዛው ሄደች፤ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ታሳያለች። አንዱ «የባሕር ሣር ነው» ይላል፣ ሌላዋ «ቶሎ እጅሽን ታጠቢ» ትላለች። በመጨረሻ የመነጽሩ እጀታ የተሰበረበት የግብርና ኮሌጅ መምህር መጣ፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የዘር ከረጢት የማይጠፋው ሰው ነው። ጨርቁን ገልጣ ስታሳየው መነጽሩን ረሳው።

«ይሄማ ጥገኛ ሐረግ ነው!» አለ ወንበር ስቦ። «ቅጠል ምን ያደርግለታል? ምግቡን ሌላ ያበስልለታል። ከተክሉ ግንድ ጋር ይጣበቅና ውሃውንም ምግቡንም ይመጥጣል። ሲበቅል ሥር ቢጤ አለችው፤ ምግብ ካገኘ በኋላ ግን እሷም ደርቃ ትወድቃለች።»

«ምግብ ባያገኝስ?»

«ይሞታል። ከዘሩ ይዞት የሚወጣው ስንቅ ለጥቂት ቀን ነው።»

«ታዲያ ዓይን የለው፣ እግር የለው፤ ተክሉን እንዴት ነው የሚያገኘው?»

«በሽታ ነው» አለ መምህሩ።

ለምኔ ደነገጠች። «ምን ዓይነት በሽታ?»

«ኧረ የምን ሕመም! በሽታ፣ በጠረን! አሽትቶ ነው እያልኩሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ግን ሳቋ ሳያልቅ «ያለ አፍንጫ?» አለች። መምህሩ ሰዎች ሞክረው እንዳዩት፣ ቡቃያው ከስንዴ ይልቅ ወደ ቲማቲም እንደሚያዘነብል ነገራት። አምናዋለች፤ ግን አንድን ነገር ማመንና ማየት ለእሷ ለየቅል ናቸው። እሞክረዋለሁ አለች። መምህሩ ትንሽ አሰበና ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እሺ፤ ግን ቃል ግቢልኝ» አለ። «ቤት ውስጥ ይሁን። ቁራጩን እንኳ የትም አትጣይ፤ ቁራጩም ይይዛል። ዘር ከጣለ አፈር ውስጥ ስንትና ስንት ዓመት ተኝቶ ይነሳል። ሥራሽን ስትጨርሺ ሳያብብ አቃጥይው።»

ቃል ገባች። በረንዳው ላይ የነበረውን ናናና ቃሪያ ከነሐረጉ ነቅላ ከደረቁት አበቦች ዘሩን በወረንጦ ለቀመች፤ ሌላውን ባሏ ጣሪያ ላይ አውጥቶ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ አነደደው።

ዘሩ ግን አልበቅል አለ። እርጥብ ጥጥ ላይ ብታደርገው፣ አፈር ብታለብሰው፣ ጭራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። በማጉያዋ ስታየው ልጣጩ እንደ ጠጠር ደድሯል፤ ውሃ አያስገባም። ይህን ጊዜ «ታዲያ እኔ ሞራጅ አይደለሁ?» አለችና ዘሮቹን በሁለት ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት መካከል አድርጋ ቀስ እያለች ፈተገቻቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ራሳቸውን እንደ መንጠቆ የቀለሱ ቡቃያዎች ብቅ ብቅ አሉ።

ችግሩ ቦታ ነው። ብርሃን የሚያገኝ ሰፊ የመስኮት ደፍ ያለው አሮጊቷ ራስጌ ብቻ ነው። መሃል ላይ አንዷን ቡቃያ፣ በግራ የቲማቲም ችግኝ፣ በቀኝ የስንዴ ቡቃያ ደረደረች። አሮጊቷ አይተው አይተው «ለሚስትህ ንገራት፤ መስኮቴን አፈር በአፈር አደረገችው» አሉ። ባልየው ጫማውን እያሰረ «መስኮቱን አፈር...» ብሎ ሳይጨርስ ወደ ሥራው ወጣ።

ለምኔም የምትወጣበት ሰዓት ደርሷል። በሩ ላይ ቆማ አመነታች። ከዚያ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ይሄ ክር መሳይ ቀን ቀን ወዴት እንደሚያዘነብል ቢያዩልኝ። እኔ ሥራ ነኝ፤ የሚያይልኝ የለም።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ማታ ስትመለስ ባሏ ገና አልገባም። አሮጊቷ ኪሮሹን አስቀምጠው፣ ትራሱን ተደግፈው ቀና ብለው ተቀምጠዋል። በሩን ያያሉ፣ መስኮቱን ያያሉ፤ እንደገና በሩን ያያሉ። ለምኔ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ሻይ ጣደች። አሮጊቷ ተቁነጠነጡ።

«ይሄ ልጅ ደግሞ ዛሬ የት ቀረ!» አሉ ለጣሪያው። ትንሽ ቆዩ። «እንግዲህ በማን ልላክ? ... ዞሯል!»

ለምኔ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። «ማን?»

«ሙሽራሽ ነዋ! ጠዋት ወደኔ ነበር ያጎነበሰው። ዙሪያውን እንደ ሰዓት ዘንግ ሲዞር ዋለ። ልብ ብለሽ ካላየሽው የቆመ ይመስላል፤ የግድግዳው ስንጥቅ ላይ አነጣጥሬ ነው የያዝኩት። ከምሳ በኋላ መዞሩን ቀነሰና ወደዚያች ወደ ቲማቲሟ ሳብ፣ ሳብ...» ጣታቸውን አጠፉና አሳዩዋት። «ምነው ቆምሽ? መጥተሽ እይ እንጂ!»

እንዲህ ነው አነጋገሩ የተጀመረው። ባልየው ሲገባ ሁለቱ መስኮቱ ላይ ራስ ለራስ ገጥመው አገኛቸው። ቦርሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «ምነው? ሰው ታመመ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። አሮጊቷ ለባቡር ዓይናቸውን ያሠለጠኑ ሰው ናቸው፤ ሐዲዱ ጫፍ ላይ ከምትታይ ነጥብ የትኛው ባቡር እንደሆነ ያውቁ ነበር። አሁን ያ ዓይን ሥራ አገኘ። ሐረጉን «ሙሽራው» አሉት፤ ሚስት ፍለጋ የወጣ ነውና። እሳቸው የስንዴዋ ደጋፊ ነበሩ። «ስንዴ የጨዋ ልጅ ናት፤ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ከሰው የማትነካካ። ያቺ ቲማቲም ግን እዩኝ እዩኝ ትላለች» ይላሉ። ሙሽራው ግን ምክር አልሰማም፤ ቲማቲሟ ላይ ደርሶ ተጠመጠመ።

ሹፌሩ አንድ ቀን ሳይጠየቅ አስተያየት ሰጠ። «ወደ ብርሃኑ እኮ ነው የሄደው። ቲማቲሟን ብርሃኑ በኩል ነው ያስቀመጣችኋት።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እውነቱን ነው! ለምኔ ሌላ ቡቃያ አመጣችና ጣሳዎቹን አቀያየረች። አሮጊቷ ቁርስ እንኳ በቅጡ ሳይበሉ ጠበቁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ይኸኛውም ዞሮ ዞሮ ወደ ጥላው፣ ወደ ቲማቲሟ ሄደ። «ምናልባት ቀለሟን አይቶ ይሆናል» አለች ለምኔ፤ የካርቶን መጋረጃ ሠርታ በመርፌ ወንፊት አስመስላ በሳችውና ቲማቲሟን ጋረደቻት። ሙሽራው ካርቶኑን ሄዶ ነካው። አሮጊቷ አልጋውን በጡጫ መቱ። «አሽትቷታል! አፍንጫ የሌለው ጉድ!»

ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናቸውም። አንደኛው ቡቃያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ወደ ስንዴዋ ሄዶ ተጠመጠመ። አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ሰነበቱ፤ እሱ ግን ጥርሱን ሊያስገባባት አልቻለም መሰለኝ፣ እየጠወለገ፣ እየጠቆረ ሄዶ ሞተ። «ጨዋዋን መርጦ በረሃብ ሞተ» አሉ ቅር ብሏቸው። ሌላው ደግሞ የትም ሳይደርስ በሁለቱ መካከል ባዶ አፈር ላይ ተዘርሮ ቀረ፤ ያን ቀን አሮጊቷ ኪሮሻቸውን አልነኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለምኔ ዕረፍት ላይ ሳለች፣ አሮጊቷ «ነይ፣ ነይ፣ ሩጪ!» ብለው ጮኹ። ቲማቲሟን የያዘው ሐረግ ከታች ደርቆ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ነበር፤ እሳቸው እያዩ ተበጠሰ። አፈሩን ለቀቀ። ለምኔ ማጉያዋን ከአንገቷ አውልቃ በእሳቸው ዓይን ላይ ያዘችላቸው። ጉብታዎቹን አዩ፣ የግንዱን ቆዳ ሰርስረው ሲገቡ አዩ። «ከምድር ተቆርጦ ደግሞ ይበልጥ ሲወፍር!» አሉ በመጨረሻ።

ሐረጉም ወፈረ፣ ረዘመ፣ ቅርንጫፍ አወጣ። ቲማቲሟ ግን ከሳች፤ ቅጠሏ ገረጣ። ብዙም ሳይቆይ ሐረጉ ላይ የአበባ እምቡጥ ታየ፤ ለምኔም ቃሏን አስታወሰች።

«እማማ፣ ማቃጠያው ደረሰ።»

«አንድ ሳምንት ቢቆይ ምን ይላል? አበባውን ልየው።»

«ለመምህሩ ቃል ገብቻለሁ።»

አሮጊቷ አኮረፉ። ለምኔ ግን ጨከነች፤ ቲማቲሟንም ሐረጉንም በመቀስ ቆራርጣ ባልዲ ውስጥ ከተተች። መቀሱን ልታጥብ ዞር ስትል አሮጊቷ በኪሮሽ መርፌያቸው ከባልዲው አንድ ዘለላ ሐረግ አነሱ፤ መሐረብ ውስጥ ደበቁት። የጎረቤታቸው የፀጉር ሠሪዋ በረንዳ ከመስኮቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ሮዝ አበቦች እጅ ቢዘረጉ ይነካሉ። አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉ።

ነገሩ ሳይታወቅ ቆየ። አሮጊቷ ደስ ደስ ብሏቸዋል፣ ቶሎ ቶሎ በመስኮት ያጮልቃሉ፤ ለምኔም ጤና ሰጣቸው ብላ ደስ አላት። አንድ እሁድ ጠዋት በሩ በኃይል ተንኳኳ። ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ እጇ ላይ ቢጫ ድር ጨብጣለች።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ!» አለች ሰላምታም ሳታስቀድም። «እኔ መጀመሪያ ከሱቄ ልብሴ ላይ ተጣብቆ የመጣ የደንበኛ ፀጉር መስሎኝ ነበር። ቀለም የተቀባ ፀጉር! ለካ የናንተው ጉድ ነው። አበባዬን ጨረሰው እኮ!»

ለምኔ ቀይ፣ ነጭ፣ አመድ ሆነች። «እኔ... እኔ ሁሉንም አቃጥያለሁ...»

«እሷን ተያት» አሉ አሮጊቷ ከአልጋቸው። «እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? እማማ?»

«እኔ ነኝ የዳርኩት። እሳት ውስጥ ሲገባ አላስችል አለኝ። ካንቺ አበቦች የተሻለ ቤት አላገኘሁለትም።»

ፀጉር ሠሪዋ አፏን ከፈተች፤ ልትቆጣ ነበር። ግን የአሮጊቷ ፊት እንደ ተያዘ ሌባ ቀልቷል፤ ለምኔ ደግሞ ባሏን እያየች፣ ባሏ ጣሪያውን እያየ፣ ሳቅ ሊገላቸው ነው። እሷም ፈነዳች። «ደሞ ሳያስጠይቁኝ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ሽማግሌ እንኳ አይልኩም?»

ሳቅ እንዳለ ሆኖ ሥራው ግን ሥራ ነበር። ከአበቦቹ ብዙዎቹ እስከ ግርጌያቸው ተቆረጡ፤ ሐረጉ አብቦ ነበርና አንድ እምቡጥ እንኳ እንዳይወድቅ ከሥር አንሶላ ተነጠፈ። ሹፌሩ እናቱን ከነወንበራቸው ተሸክሞ ፀጉር ሠሪዋ በረንዳ ላይ አስቀመጣቸውና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለምኔና እሳቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዷ በወረንጦ፣ አንዷ በኪሮሽ መርፌ፣ ቢጫውን ክር ከየቅርንጫፉ እየፈቱ ወደ ባልዲው ይጥላሉ። ፀጉር ሠሪዋ ብርቱካን ቆራርጣ አመጣችላቸው፤ ማጉያዋንም ተቀብላ «ጥርስ አለው እንዴ!» እያለች ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ትጮኻለች። ስትገባ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ያን ቀን የጠየቅሽኝን» አሉ አሮጊቷ ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሱ።

ለምኔ እጇ ቆመ። የትኛውን ቀን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«የተናደድኩት ስለጠየቅሽኝ አይደለም። መልሱን ስፈልገው አጣሁት፤ ለዚያ ነው። ሁሉም ሰው 'ልጇን ብላ ነው' ይላል፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር። አንቺ ስትጠይቂኝ ግን እንዳልሆነ አወቅሁ።» አንድ ክር ፈትተው ጣሉ። «የዕቃ ባቡር የሚነዳ ሰው ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ፊሽካውን ሁለቴ ይነፋል። ለሌላ መሻገሪያ አንዴ ነው። እኔም እጄን አነሳለሁ። ስንት ዓመት! ፊቱን እንኳ በቅጡ አላየሁትም፤ ጥቀርሻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልወረደም?»

«ባቡሩ እኔ ጋ አይቆምማ!» አሉ አሮጊቷ፤ በዚህ የማይገባት ነገር ምን እንዳለ ገርሟቸው። «ጣቢያ አይደለም እኮ፤ መሻገሪያ ነው። እንጨቱን ይዤ ቆሜ አሳልፈዋለሁ። ከዚያ መንገዱን እከፍታለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስላል፣ ለምኔ የሚቀጥለውን ጥያቄ ዋጠችው። ከብርቱካኑ አንድ ቁራጭ ልጣ ሰጠቻቸው፤ ተቀብለው በሉ።

አበቦቹ ከግርጌያቸው አቆጥቁጠው ዳኑ። ለምኔ ለመምህሩ የሆነውን ሁሉ ስትነግረው መጀመሪያ ደነገጠ፤ አሮጊቷ ሐረጉን እንዴት እንደዳሩት ሲሰማ ግን ወንበሩ ላይ ተንከተከተ። ከዚያ «ኮሌጁ ውስጥ በላስቲክ ቤት ተዘግቶ የሚጠና አለን። እሳቸውን ይዘሻቸው ነይ» አላት። ሹፌሩ በዕረፍቱ ቀን ከጓደኛው መኪና ተዋሰ። አሮጊቷ የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ጎረቤታቸው ሠርታላቸው፣ ልጃቸው ተሸክሞ አወረዳቸው። ከቤት ከወጡ ዘመን ሆኗቸው ነበር፤ በመንገዱ ሁሉ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ሄዱ።

የላስቲኩ ቤት ውስጥ ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ፊት ይመታል። መምህሩ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ተክሎች አሳያቸው፤ አንድ ሐረግ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ሁሉንም አያይዟቸዋል። «እዚህ ጫፍ ላይ ያለችውን ተክል አባ ጨጓሬ ሲበላት» አለ፣ «ወሬው በሐረጉ ውስጥ ሄዶ ወዲያ ማዶ ያለችው ትሰማለች። ገና ሳይነካት ለመከላከያ የሚሆናትን መራራ ነገር ማዘጋጀት ትጀምራለች።»

«ስልክ ነዋ!» አሉ አሮጊቷ። «እኛም መሻገሪያው ላይ ነበረን። ከጣቢያ ይደውሉና 'ባቡር ወጥቷል' ይሉኛል፤ እኔ እንጨቱን አወርዳለሁ።»

«ልክ እንደዚያ ነው» አለ መምህሩ።

ለምኔ ሐረጉን በማጉያዋ እያየች ነበር። ቀና አለች። «ሲበላቸው የሚኖር ነገር ለምን ወሬ ያደርስላቸዋል? ምን ያገኝበታል?»

መምህሩ ሐረጉን በጣቱ ነካ አደረገ። «ምናልባት ምግቡ እንዳይሞትበት ይሆናል። ምናልባትም ምንም አያገኝም፤ ወሬው ሳያውቀው ነው የሚያልፍበት። እኔ እንጃ። ብዙ ሰው ይከራከርበታል።»

«አይታወቅም?»

«ገና አይታወቅም።»

የለምኔ ፊት በራ። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ከአማቷ ጋር ትከራከር ጀመር። አሮጊቷ ሐረጉ ሳያውቀው አይቀርም ባይ ናቸው፤ ለምኔ ያውቃል ባይ ናት። ቢያውቅስ በምን ይታያል፣ አንዱን ቆርጦ ሌላውን ትቶ ቢሞከርስ፣ አባ ጨጓሬውስ ከየት ይምጣ ይባባላሉ። ሹፌሩ መብራት ላይ ቆሞ በመስታወቱ አያቸው።

«እማዬ» አለ፣ «ለሚስቴ ንገሪያት፤ አባ ጨጓሬ ቤቴ አይገባም።»

«ራስህ ንገራት!» አሉ አሮጊቷ። «ሥራ ላይ ነን።»